ያልተብላላ ፍግ

ፍግ ለመሬታችን ምግብ ነው። ፍግ ያገኘ ጓሮ ጎመኑ እንዴት እንደሚፋፋ ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ከቤታችን ጀርባ የምንከምረው እበት ብቻ አይደለም። አመድ አለበት፣ የቤት ጥራጊ አለበት፣ የሕፃናት ዓይነ ምድርም አብሮ ይጣልበታል። ወስፋት መንገድ የሚያገኘው በዚህ ነው።

የወስፋት እንቁላል በዓይን አይታይም። ከሰው ዓይነ ምድር ጋር ይወጣል፤ አፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። ጥሬውን ፍግ ከሰላጣው ወይም ከካሮቱ ሥር ስንበትነው እንቁላሉ ይጣበቅበታል። ልጅ ሳያጥብ ይበላዋል። ሆዱ ይነፋል፣ ይከሳል። እኛ ደግሞ ቡዳ በላው እንላለን!

ታዲያ ፍጉን እንተወው? የለም። የሕፃናቱ ዓይነ ምድር ወደ መጸዳጃ ጉድጓድ ይሂድ። እበቱን፣ ገለባውንና እርጥብ ቅጠሉን እያፈራረቅን እንከምር፤ ውሃ አርከፍክፈን በጭቃ እንሸፍነው። ከውስጥ ይግላል፤ ተሕዋስያኑን የሚገድለው ይኸው ሙቀት ነው። ረጅም ዱላ እስከ መሐሉ እንውጋበት። ቆይተን ስንመዘው ዱላው ከጋለ ክምሩ እየሠራ ነው። ዳር ዳሩ ግን አይግልም፤ ስለዚህ የውጪውን ወደ ውስጥ ማገላበጥ ግድ ነው። ብዙዎቻችን የምንሰንፈው እዚህ ላይ ነው። ጊዜው ሲደርስ ጥቁር አፈር ይመስላል፣ ሽታውም የአፈር ይሆናል።

ሙቀት የማያጠፋው መርዝም አለ። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ አይበሰብስም፤ መርዙ መሬታችን ውስጥ ይቀራል። ከከተማ ጥራጊ ስናመጣ ባትሪውን፣ ጠርሙሱን፣ ፌስታሉን አስቀድመን እንልቀም። ክምሩም ከምንጭና ከጉድጓድ ውሃ በላይ አይሁን፤ ዝናም ሲጥል ጉድፉን እያጠበ የሚወርደው ጎርፍ እኛው የምንጠጣው ውሃ ውስጥ ይገባል።