አልነሳ ያለ የቤንዚን ውሃ መሳቢያ ሞተርን በቅደም ተከተል የመፈተሻ ዘዴ

መግቢያ

በአምቦ ከሁሉቃ፣ በጉደር ከጉደር ወንዝ፣ በጊንጪ አካባቢ ደግሞ ከአዋሽ ራስጌ ውሃ እየሳቡ በበጋ ሽንኩርት፣ ድንችና ቲማቲም የሚያለሙ ገበሬዎች ብዙ ናቸው። የሽንኩርት ሥር ጥልቀት ስለሌለው ራሱን በሚቋጥርበት ጊዜ ውሃ ቢቋረጥበት ምርቱ ይቀንሳል። ስለዚህ በዚህ ወቅት ሞተር አልነሳ ቢል ጉዳቱ በአንድ ቀን ሥራ ብቻ አይወሰንም። ጉድለቱ ብዙ ጊዜ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ገመዱን ያለ ፋታ በመጎተትና ብሎኑን ሁሉ በአንድ ጊዜ በመፍታት ይባባሳል።

ማንኛውም የቤንዚን ሞተር እንዲነሳ ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል፤ እነርሱም ከአየር ጋር የተቀላቀለ ንጹሕ ቤንዚን፣ በወቅቱ የሚመጣ የእሳት ብልጭታና በቂ እመቃ ናቸው። ፍተሻው ከቀላሉ ተጀምሮ ወደ ከባዱ ይሄዳል። አንድ ነገር ከተስተካከለ በኋላ ሞተሩ ይሞከራል፤ ካልተነሳ ብቻ ወደሚቀጥለው ይታለፋል።

ጥንቃቄ፦ የጋለ ሞተር እስኪበርድ ይጠበቃል። ቤንዚን ባለበት ሲጋራ ማጨስ ወይም ኩራዝ ማቅረብ ክልክል ነው። ፓምፑ ውሃ ሳይሞላ ሞተሩ ለሙከራም ቢሆን አይነሳም፤ ደረቅ ፓምፕ ውሃ መከላከያ ጎማው ቶሎ ይቃጠላል።

1. ከውጭ የሚታየውን መመልከት

ማብሪያው መከፈቱ፣ የቤንዚን መክፈቻው መዞሩና የሞተር ዘይቱ መጠን ይታያሉ። ዘይት የሚለካው ሞተሩ ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ ነው። አንዳንድ ባለ አራት ምት ሞተሮች ዘይት ሲያንሳቸው ብልጭታውን ራሳቸው ይቆርጣሉ። በወንዝ ዳር አዘንብሎ የቆመ ሞተርም በዚሁ ምክንያት እንቢ ሊል ይችላል።

2. ቤንዚኑን መመርመር

ጥቂት ቤንዚን በብርጭቆ ተቀድቶ ይቀመጣል፤ ውሃ ካለበት ከታች ይዘቅጣል። ቀጥሎ አንድ ጠብታ በነጭ ወረቀት ላይ ይንጠባጠባል። ንጹሕ ቤንዚን ፈጥኖ ይተናል፤ ላምባ ከተቀላቀለበት የቅባት ምልክት ይተዋል። ለወራት የተቀመጠ ቤንዚን ተደፍቶ በአዲስ ይተካል።

3. ካንዴላውን መፈተሽ

ካንዴላው በመፍቻ ይወጣል።

ሀ) እርጥብ ከሆነ ሞተሩ ቤንዚን በዝቶበታል። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብሎ ስለሚገኝና አየሩ ስስ ስለሆነ ይህ በቀላሉ ይደርሳል። የቤንዚን መክፈቻውና ማብሪያው ተዘግተው፣ ቾኩ ተከፍቶ፣ ካንዴላው እንደወጣ ገመዱ 5 ወይም 6 ጊዜ ይሳባል። ካንዴላው ደርቆ ይመለሳል።

ለ) ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰም፤ ወደ ቁጥር 4 ይታለፋል።

ሐ) ጥላሸት ከያዘ በሽቦ ብሩሽ ይጸዳል። ክፍተቱ ለብዙዎቹ ባለ አራት ምት ሞተሮች ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊሜትር ነው።

ብልጭታውን ለማየት የቤንዚን መክፈቻው ይዘጋል። ካንዴላው ከገመዱ ጋር ተያይዞ፣ ብረቱ ከሞተሩ አካል ጋር ተነካክቶ፣ ከካንዴላው ቀዳዳና ከፈሰሰ ቤንዚን ርቆ ማብሪያው ይከፈትና ገመዱ ይሳባል። ብልጭታ ከሌለ በአዲስ ካንዴላ ይሞከራል። በአዲሱም ከሌለ ሥራው የመካኒክ ነው።

4. ካርቡራተሩን ማጽዳት

ከሥሩ ያለው ማፍሰሻ ብሎን ይላላል። ቤንዚን ካልወረደ ቱቦው ወይም ፊልትሮው ተደፍኗል። ከወረደ ግን የካርቡራተሩ ቀጭን ቀዳዳዎች በንጹሕ ቤንዚን ታጥበው በአየር ይነፋሉ። ሽቦ ወይም መርፌ ቀዳዳውን ስለሚያሰፋ አይገባበትም።

5. እመቃውን መገመት

ካንዴላው ገብቶ ገመዱ ቀስ ብሎ ሲሳብ ጠንከር ያለ ግፊት መሰማት አለበት። ያለ ምንም ግፊት ከተሳበ ቫልቩ ወይም የፒስቶን ቀለበቱ ተበላሽቷል፤ ይህ በማሳ ላይ አይጠገንም። ጨርሶ ካልተንቀሳቀሰ በፓምፑ ውስጥ ጠጠር አለመግባቱ ይታይ።

ማሳሰቢያ፦ ባለ ሁለት ምት የሆኑ አሮጌ ሞተሮች፣ የጀልባ ሞተር ጭምር፣ በዚሁ ሥርዓት ይፈተሻሉ። ልዩነታቸው ዘይታቸው አምራቹ ባዘዘው መጠን ከቤንዚኑ ጋር መቀላቀሉ ነው።

ከክረምት በፊት

መስኖ ሲያበቃ ጋኑና ካርቡራተሩ ከቤንዚን ባዶ ይደረጋሉ። በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት የሞተር ዘይት ተንጠባጥቦ ገመዱ ቀስ ብሎ ይሳባል። ማኅበሩ ለእያንዳንዱ ሞተር ደብተር ይክፈት፤ ማን እንደሠራበት፣ ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ ዘይትና ካንዴላ መቼ እንደተለወጠ ይጻፍበት። ሞተሩ የብዙዎች ስለሆነ ኃላፊው አንድ ሰው ይሁን።