ምዕራፍ ሰባት፦ መጀመሪያ ደብተሩ

ዌብሳይት የሚሠራልዎትን ባለሙያ ገና አይጥሩ። ቀብድም አይክፈሉ። አንድ ደብተር ይግዙና ስልኩ አጠገብ ያኑሩት። ደንበኛ በደወለ፣ በቴሌግራም በጻፈ ወይም ሱቁ ደጃፍ ቆሞ በጠየቀ ቁጥር ጥያቄውን ከአፉ እንደወጣ ይመዝግቡ። «ዋጋ ጠየቀ» ብለው አያሳጥሩት። «ባለ ስድስት ወንበሩ የምግብ ጠረጴዛ ቤት ድረስ ከመጣ ስንት ይሆናል?» ካለ እንደዚያው ይስፈር። ሁለት ሳምንት ይበቃል። በዓል ከተቃረበ ግን እስኪያልፍ ይታገሡ፤ የበዓል ሰሞን ጥያቄ የዓመቱን አይመስልም።

ኮተቤ ውስጥ የቤት ዕቃ የሚያመርቱ አንዲት ወዳጄ ይህን አድርገዋል። ባለሙያው ቀድሞ ባቀረበላቸው ዕቅድ ላይ «ስለ እኛ»፣ «ራዕያችን»፣ «ተልዕኳችን»፣ «የሥራ አስኪያጁ መልእክት» የሚሉ ገጾች ተደርድረዋል። ደብተሩ ሲገለጥ ስለ ራዕይ የጠየቀ አንድም ሰው የለም። ሰው የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ ዋጋው ስንት ነው? እንጨቱ ዋንዛ ነው ወይስ ኤምዲኤፍ? ቀብዱ ስንት ነው? በስንት ቀን ይደርሳል? ከየካ አባዶ የሚደውሉት ደግሞ ደጋግመው «ሊፍት የለንም፤ አራተኛ ፎቅ ታወጡልናላችሁ?» ይላሉ። ወዳጄ ለዚህ ጥያቄ የጻፉት መልስ ሦስት መስመር ነው፤ የማውጫውን ሒሳብ በየፎቁ ይናገራል። የሥራ አስኪያጁ መልእክት ከዕቅዱ ወጣ።

ጥያቄዎቹን ከብዙ ወደ ጥቂት ይደርድሩ። ከዚያ ስልክዎን ነጭ ወረቀት ላይ አጋድመው ዙሪያውን በእስክሪብቶ ያስምሩ። ደንበኛዎ ገጹን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየው ያ መስመር የያዘውን ያህል ብቻ ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚገባው በስልክ፣ ያውም በገዛው ጥቅል ነውና። እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ምን እንደሚሸጡ፣ ከስንት ብር እንደሚጀምር፣ የት እንዳሉና ስልክ ቁጥርዎ በእጅ ጽሑፍ ይግቡ። ካልገቡ ቃል ይቀንሱ እንጂ ፊደል አያሳንሱ።

ዋጋ ላይ ቆም እንበል። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚባለው ልማድ ንግዳችንን እየጎዳው ነው። ለአንዱ በአነጋገሩ፣ ለሌላው በመኪናው ዓይነት ዋጋ የሚቆርጥ ነጋዴ ዛሬ ቢያተርፍም ሁለቱ ደንበኞች የተገናኙ ዕለት ሁለቱንም ያጣል። ነገሩ ከንግድ ዘዴም ያልፋል፤ የሐቀኝነት ጉዳይ ነው። የሥራዎ ዓይነት ቁርጥ ዋጋ የማያስነግር ከሆነ «ከዚህ እስከዚህ» ብለው ይጻፉ፤ ልዩነቱ ከምን እንደሚመጣም ያስረዱ።

ለዌብሳይትዎ አድራሻ ስም ይምረጡ። አጭርና በላቲን ፊደል ሲጻፍ የማያወዛግብ ይሁን፤ ሰው በስልክ ሲነግሩት ሳይሳሳት ይጻፈው።

የስሙ ባለቤት ማን እንደሚሆን ግን ረዘም አድርጌ ላውራ። መገናኛ አካባቢ አስመጪ የሆኑ አንድ የማውቃቸው ሰው የዌብሳይቱን ሥራ ለዘመድ ልጅ ሰጡ። ልጁ በደንብ ሠራላቸው። ነገር ግን አድራሻውን ያስመዘገበው በራሱ ስምና በራሱ ኢሜይል ነበር። ሲቆይ ውጭ አገር ሄደ፤ «ያሳድሱ» የሚለው ማሳሰቢያም ትቶት ወደሄደው ኢሜይል ይላክ ጀመር። አንድ ሰኞ ገጹ ጠፋ። የሠራተኞቹ ኢሜይልም በዚያው አድራሻ ስለነበር አብሮ ተዘጋ። እንደ ነጥብ ኮም ያለ አድራሻ ጊዜው አልፎ ከተሰረዘ በኋላ በተጨማሪ ክፍያ የሚመለስበት 30 ቀን አለው፤ ከዚያ 5 ቀን ቆይቶ ለፈለገ ሁሉ ይለቀቃል። እኚህ ሰው ልጁን አፈላልገው ሲያገኙት ቀኑ አልፏል፤ ስሙን የማያውቁት ሰው ወስዶታል። በመኪናዎቻቸው በር ላይ ግን የድሮው አድራሻ እስካሁን እንደተጻፈ ነው።

ስለዚህ በሥራ ውሉ ላይ አድራሻው በድርጅትዎ ስም፣ በእርስዎ ኢሜይልና ስልክ እንደሚመዘገብ፣ የይለፍ ቃሉም በእጅዎ እንደሚገባ ይጻፍ። ነጥብ ኢቲ የሚለውን ከኢትዮ ቴሌኮም ቢወስዱም ደንቡ ያው ነው። ለዘመድ ሥራ ስንሰጥ ውል መጻፍ እንደ አለመተማመን ይቆጠርብናል። እኔ ግን ዘመድ ከዘመድ የሚቀያየመው በአብዛኛው ባልተጻፈ ነገር እንደሆነ አምናለሁ።

ሰዓት። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ መውጫ ላይ ያለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ፣ ከፍታው ላይ ሊሮጡ የሚመጡ የውጭ ሰዎችን ይቀበላል። አንድ እንግዳ ገጹ ላይ ባለው ቅጽ የመድረሻ ሰዓቱን «2» ብሎ ሞላ። ሾፌሩ ምሽት 2 ሰዓት ቦሌ ቆሞ ጠብቆ ተመለሰ። እንግዳው ያረፈው እኛ ሌሊት 8 ሰዓት በምንለው ነበር። የውጭ ደንበኛ ካለዎት ሰዓቱንም ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር ያስጽፉ።

አቅጣጫ ሲናገሩ በሕንፃና በካፌ ስም ብቻ አይመኩ። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ከአራት ኪሎ መገናኛ ባለው መንገድ ዳር ስንቱን ምልክት እንዳነሣው ያዩት ነው። የካርታ ነጥብ ያስቀምጡ።

የአማርኛ ጽሑፍዎን በፎቶ መልክ አይለጥፉ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ ወዲህ እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ይጻፋል፣ ይፈለጋል። በፎቶ ውስጥ የታሰረውን ግን ጉግል አንብቦ ለፈላጊው ማድረሱ ያጠራጥራል።

ክፍያ ለመቀበል ቴሌብርም ሆነ ባንክ ከማን ጋር እንደሚሠሩ አስቀድመው ይወስኑ። ከደንበኛ ስምና ስልክ ከበቃዎት የትውልድ ቀን አይጠይቁ፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል።

በመጨረሻ ገጹ ላይ ዋጋ የሚቀይረው ሰው ይታወቅ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የዕቃ ዋጋ ባጭር ጊዜ ተለወጠ፤ ብዙ ገጾች ላይ ግን የድሮው ዋጋ ተሰቅሎ ከረመ። ደንበኛ ያንን ይዞ መጥቶ ካሸር ጋር ይጨቃጨቃል። ሠራተኛዎ ባለሙያው አጠገብ ተቀምጦ አንድ ዋጋ በራሱ ጣት ቀይሮ እስኪያሳይዎ ድረስ የመጨረሻውን ክፍያ ይያዙ።