የጥንቱን የቻይና ሸክላ ስለ መሰብሰብ

የቻይና ሸክላ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ስሱና ነጩ ዕቃ ነው፤ «ሲኒ» የምንለው ቃል እንኳ በዐረብኛ «የቻይና» ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ግን ወፍራሙን፣ እንደ ድንጋይ የጠነከረውን የሎንግችዋንን አረንጓዴ የአበባ ማስቀመጫ ነው። ሎንግችዋን በዠጂያንግ ክፍለ ሀገር የሚገኝ ሲሆን በሶንግ ነገሥታት ዘመን (ከ960 እስከ 1279 እ.ኤ.አ.) በዚህ ሥራ ስመ ጥር ሆነ።

አረንጓዴው መልክ የሚገኘው እንደ ብርጭቆ በሚያብረቀርቀው ልባጥ ውስጥ ካለው ጥቂት ብረት ነው። ምድጃው ከ1200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል አየር ካነሰው ዕቃው አረንጓዴ ይሆናል፤ አየር ከበዛበት ግን ወደ ቢጫና ወደ ቡናማ ያደላል።

እንግዲህ ሰብሳቢው በልባጡ ውበት ሳይማረክ ዕቃውን ገልብጦ መቀመጫውን ይይ። ልባጥ ያልነካው ጠርዝ በእሳቱ ቀላ ብሎ ይገኛል፤ የጭቃው ውስጥ ግን ግራጫማ ነጭ ነው። አስመሳዮችም ይህን ስለሚያውቁ ጠርዙን ቀለም ይቀቡታል፤ የልባጡን ስንጥቅ በሻይ ያጠቁሩታል። በሌሎች የቻይና ሸክላዎች ሥር የሚጻፈው የንጉሥ ስምም ማስረጃ አይሆንም፤ የኋለኞቹ ሠሪዎች የቀደሙትን ነገሥታት ስም ይጽፉ ነበርና።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ዕቃው ከየት ወጣ የሚለው ነው። ብዙው ከሙታን ጋር የተቀበረ ነበር። ሌባ መቃብሩን ሲቆፍር ዕቃው ይተርፋል፣ ታሪኩ ግን ይጠፋል፤ ገዥ ባይኖር ማን ይቆፍር ነበር? ዩኔስኮ በ1970 እ.ኤ.አ. የተሰረቀ ቅርስ እንዳይነገድ ስምምነት አውጥቷል። ስለዚህ ሻጩ የዕቃውን የቀድሞ ባለቤቶች በጽሑፍ ካላስረዳ፣ ምንም ቢያምር አይገዛ እንላለን። ኪሱ ባዶ ለሆነ ተማሪማ በሙዚየም የሚታይ ስባሪ ይበቃዋል፤ የልባጡን ውፍረትና የጭቃውን መልክ ከሙሉው ዕቃ አስበልጦ ያሳያል።