ስለ ወንድ ኃይልና ስለ ስኳር ደዌ

ኮርማ ሲኮላሽ ቍጣው እንደሚበርድ፥ ላም መከተሉን እንደሚተው፥ ለቀንበርም እንደሚታዘዝ በዴራና በአርሲ ደጋ የማያውቅ ገበሬ የለም። ምክንያቱ ግን ብዙ ዘመን ተሰውሮ ኖረ። በ1849 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በርቶልድ የሚባል የጀርመን ሊቅ የተኮላሹ አውራ ዶሮችን ፍሬ ወደ ሆዳቸው መልሶ ቢያኖረው፥ ጩኸታቸውና ጠበኝነታቸው እንደ ቀድሞው ሆነ። በዚህም ፍሬው ወደ ደም የሚያፈሰው ነገር እንዳለ ታወቀ። በ1935 በአምስተርዳም ከተማ ይኸው ነገር ከኮርማ ፍሬ ተለይቶ ወጣ፤ ስሙም ቴስቶስትሮን ተባለ። እንዲህ በደም የሚላከውን መልእክተኛ ሊቃውንት ሆርሞን ይሉታል።

ከቆሽት የሚወጣው ኢንሱሊንም ሆርሞን ነው። እርሱ ሲያንስ ወይም ሰውነት አልታዘዝለት ሲል፥ ስኳር በደም ውስጥ ይከማችና በዘመን ብዛት ቀጫጭኑን የደም ሥርና ነርቭን ይጎዳል። የወንድ ብልት የሚቆመው ነርቭ አዝዞት ደም ሲሞላው ነውና፥ በመኝታ መድከም አንዳንድ ጊዜ የስኳር ደዌ የመጀመሪያ ምልክት ይሆናል። ቦርጭም፥ ምንም እንኳ በእኛ ዘንድ የድሎት ምልክት ሆኖ ቢከበር፥ ቴስቶስትሮንን ያሳንሳል። ሰውየው ግን መተት ተደረገብኝ ብሎ ገንዘቡን ይጨርሳል፤ ውኃ ጥሙንና የሌሊት ሽንቱን ለማንም አይናገርም። በጤና ጣቢያ ከጣቱ ጫፍ አንዲት ጠብታ ደም ቢሰጥ ስኳሩ ወዲያው ይለካለት ነበር።

የመኝታ ድካም ሌላ፥ የዘር እጦት ሌላ ነው። ብርቱ ሆኖ ዘር የሌለው አለ፤ ይልቁንም ከጎረመሰ በኋላ ጆሮ ደግፍ ይዞት ፍሬው ያበጠበት ሰው እንዲህ ሊሆን ይችላል። ልጅ ካጡት ባልና ሚስት በእኩሌታው ያህል የባል ድርሻ አለበት። ሽማግሌዎች ሆይ፥ መካን ናት ተብላ ሴት ልትፈታ በተቀመጣችሁ ጊዜ፥ ባልዮው ተመርምሯልን ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። አሰላ የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል አለ፤ መንገዱም ሩቅ አይደለም።

ልጅ የሚሻ ሰው ቴስቶስትሮን ገዝቶ በመርፌ አይወጋ። ከአንጎል በታች አተር የምታህል እጢ አለች፤ ፍሬውን ሥራ የምታዝዘው እርስዋ ናት። ከውጭ የገባው ሲበዛ በቅቷል ብላ ትእዛዝዋን ትተዋለች፥ ያን ጊዜ የነበረውም ዘር ይነጥፋል። በሰውነቱ ያለው ቴስቶስትሮን የሚለካለት ሰው ደሙን በማለዳ ይስጥ፤ ቀኑ እየገፋ ሲሄድ መጠኑ ይቀንሳልና።