ለ6 ኪሎ ተማሪ የሚሆን ኪራይ ቤት

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ 6 ኪሎ ግቢ ሁለተኛ ዲግሪዬን ልጀምር ነው። ኪስ የማይጎዳ፣ ጭንቅንቅ የሌለበት ቤት ከየት ላግኝ?

መልስ፦ ከግቢው አጠገብ ካለው ይልቅ ወደ ሽሮ ሜዳ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ወይም ቀበና ውስጥ ውስጡን ይፈልጉ። ሰርቪስ ክፍል ከጓደኛ ጋር መጋራት ወጪውን ያቀልልዎታል። ቤቱን ቀን ብቻ ሳይሆን ማታም ይዩት፤ ጎረቤት ያለው ግሮሰሪ ሙዚቃውን የሚለቀው ያኔ ነው። ውሃ በስንት ቀን እንደሚመጣ፣ የመብራት ቆጣሪው የጋራ መሆን አለመሆኑን፣ የግቢው በር ስንት ሰዓት እንደሚዘጋና እንግዳ ይፈቀድ እንደሆነ ነባር ተከራዮችን ይጠይቁ። የደላላውን ኮሚሽን ቤት ከማየትዎ በፊት ይቁረጡ። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት ውሉ በጽሑፍ ተደርጎ መመዝገብ አለበት፤ አከራዩም ከሁለት ወር ኪራይ የበለጠ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ አይችልም።