የቀረውን የዓይን ብርሃን መጠበቅ



አባቴ ዕድሜያቸው 60 ሲሆን የበሩን መቃን በትከሻቸው መግጨት፣ አጠገባቸው ያለውን ስኒ መድፋት ጀመሩ። እኛ ልጆቻቸው «ሞራ ነው፤ ሲበስል ይገፈፋል» ብለን ጠበቅን። ሐኪም ዘንድ ስንደርስ የአንድ ዓይናቸው ብርሃን ጠፍቶ፣ የሌላውም ተጋምሶ ነበር። በሽታው ግላኮማ ነው።

በዓይናችን ውስጥ፣ በስተኋላ በኩል ሬቲና የሚባል ስስ ሽፋን አለ። ሬቲና የተቀበለውን መልእክት ወደ አንጎል የሚያደርሱት አንድ ሚሊዮን ያህል የነርቭ ህዋሳት ናቸው። ረጃጅም ክሮቻቸው በአንድነት ታስረው ከዓይን ሲወጡ የዓይን ነርቭ ይባላሉ። በዓይን ውስጥ ዘወትር የሚመነጭ ፈሳሽ አለ፤ በሚገባ ካልተወገደ ግፊቱ ይጨምርና ክሮቹን ይጎዳል። ግፊታቸው መደበኛ የሆነ ሰዎችም ሊታመሙ ስለሚችሉ ሐኪሙ ነርቩንም ማየት አለበት።

ሞራ የዓይን ሌንስ መደፍረስ ስለሆነ በቀዶ ጥገና ሊድን ይችላል። የሞቱ የነርቭ ህዋሳት ግን አይተኩም፤ ግላኮማ የወሰደው ብርሃን አይመለስም።

ታዲያ ሰው ለምን ቶሎ አያውቀውም? ተማሪዎች፣ ይህን ሞክሩ። አንድ ዓይናችሁን ሸፍናችሁ ፊት ለፊት ያለ ነጥብ እያያችሁ፣ በጎን በኩል እጃችሁን አንቀሳቅሱ። ወደ እጃችሁ ሳትዞሩ እንቅስቃሴው ይታያችኋል። ግላኮማ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ሕመም፣ በዝግታ የሚወስደው መጀመሪያ ይህን የዳር እይታ ነው። ሰውየው መጽሐፍ ማንበብ ስለሚችል «ደህና ነኝ» ይላል። ይህ ሙከራ ግን የሐኪምን ምርመራ አይተካም።

ህዋሳቱን በቀጥታ የሚጠብቅ መድኃኒት ለማግኘት ምርምር ይደረጋል። እስካሁን የተረጋገጠው መንገድ ግን በጠብታ፣ በሌዘር ወይም በቀዶ ጥገና ግፊትን መቀነስ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናት ግፊታቸው ከፍ ያለ፣ ግላኮማ ግን ያልጀመራቸውን ሰዎች ተከታትሏል። በአምስት ዓመት ውስጥ በሽታው የጀመራቸው ጠብታ ካልተሰጣቸው ከመቶ 9.5፣ ከተሰጣቸው ከመቶ 4.4 ነበሩ።

ስለዚህ ወላጆች፦
• ዕድሜያችሁ ከ40 ካለፈ ተመርመሩ። ወላጅ፣ ወንድም ወይም እህት ግላኮማ ካለባቸው ከዚያም ቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ።
• ጠብታ እይታን አያሻሽልም፤ የቀረውን ይጠብቃል። «ለውጥ የለውም» ብላችሁ አታቋርጡ።
• ስቴሮይድ ያለበት የዓይን ጠብታ ግፊት ሊጨምር ስለሚችል ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትጠቀሙ።

አባቴ እስከ ዕለተ ሞታቸው በአንዱ ዓይን አነበቡ። ማታ ማታ ጠብታውን የምታደርግላቸው የልጅ ልጃቸው ነበረች። እኔም በየዓመቱ እመረመራለሁ።

የቤት ሥራ፦ ተማሪዎች፣ ዛሬ ማታ ወላጆቻችሁን ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። በቤተሰባችን ግላኮማ ያለበት ሰው አለ? ዓይናችሁን የተመረመራችሁት መቼ ነው?