ስም በማስረጃ ሲጸና

የፈረንሳይን የምግብ አሠራር ከጃፓን ጣዕም ጋር አዋሕዶ የዋግዩ ሥጋና የጃፓን ውስኪ የሚያቀርብ ምግብ ቤት፥ እንግዳውን ከፍ ያለ ዋጋ የሚያስከፍለው በእነዚህ ሁለት ስሞች ነው። ስለዚህ ስሞቹ በምን ማስረጃ እንደሚጸኑ ነጋዴ ሁሉ ሊያውቅ ይገባዋል።

ዋግዩ ማለት የጃፓን ከብት ማለት ነው። ሥጋው ሲመደብ ሁለት ምልክት ይሰጠዋል፤ ከ«ኤ» እስከ «ሲ» ያለው ፊደል ከታረደው ከብት የሚገኘውን የሥጋ ብዛት፥ ከ1 እስከ 5 ያለው ቁጥር ግን የሥጋውን ጥራት ያመለክታል። እንግዲህ ፊደሉ የሚጠቅመው ለሥጋ ነጋዴው ሲሆን፥ ተመጋቢውን የሚመለከተው ቁጥሩ ነው። ደግሞም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2001 ዓ.ም. የእብድ ላም በሽታ በጃፓን ተገኝቶ የገዢው እምነት በመናወጡ፥ በ2003 በወጣው ሕግ እያንዳንዱ ከብት ባለ 10 አኃዝ መለያ ቁጥር እንዲኖረው ታዘዘ፤ በዚህም ቁጥር የከብቱን ዘርና ያደገበትን ስፍራ መመርመር ይቻላል።

የውስኪው ነገር ግን ከዚህ ይለያል። ለብዙ ዘመን ጥብቅ ደንብ ስላልነበረ፥ ከውጭ አገር የመጣ ውስኪ በጃፓን ስም ሲሸጥ ቆይቷል። የአምራቾች ማኅበር በ2021 ባወጣው ደንብ፥ በጃፓን ያልተጣራና ቢያንስ 3 ዓመት በዚያው አገር በእንጨት በርሜል ያልቆየ ውስኪ በዚህ ስም እንዳይጠራ ወሰነ፤ ይሁን እንጂ ደንቡ የሚያስገድደው አባሎቹን ብቻ ነው።

ስለዚህ የምግብ ቤቱ ባለቤት ሥጋውን ሲገዛ መለያ ቁጥሩን ይጠይቅ፤ ውስኪውን ሲገዛ አምራቹ ደንቡን የተቀበለ መሆኑን ያረጋግጥ፤ ሁለቱንም ለእንግዳው ለማሳየት ዝግጁ ይሁን። ማስረጃ የሌለው ስም አንድ ጊዜ ገዢ ያመጣል፤ ደንበኛ ግን አያፈራም።